ዋስህ ማን ነው?



የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። ኳስ የማትወዱ ብትሆኑም አትሂዱብኝ፤ ነገሩ ከኳሱ ይልቅ ስለ ውል፣ ስለ ትምህርትና ስለ ገንዘብ ነው።

በእኛ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት በቅርቡ ቡና ጠርታኝ ነበር። ልጇ 17 ዓመቱ ነው፤ በበር ሲገባ ጎንበስ ይላል። አንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሊሰጠው ተዘጋጅቷል። በሌላ በኩል «ወኪል ነኝ» የሚል ሰው በየሳምንቱ እየደወለ «ትምህርቱ ይቅርብህ፤ ውጭ አገር በደመወዝ ትጫወታለህ» ይለዋል። እናቱ «ሞቼ ነው ቆሜ! ሳይማር የትም አይሄዳትም» አለች። ልጁም «እማዬ፣ ሌብሮን መቼ ዩኒቨርሲቲ ገባ?» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ሁለቱም እኔን ማየት ጀመሩ።

ልጁ እውነቱን ነው። ሌብሮን ጄምስ በ2003 ኦሃዮ ውስጥ ከሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ኤንቢኤ ገባ፤ ያውም በድራፍቱ አንደኛ ተመርጦ። (ድራፍት ማለት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ ሄዳችሁ «ድራፍት» ብትሉ ግን የሚመጣላችሁ ቢራ ነው።) ከእሱ በፊትም ኬቪን ጋርኔት በ1995፣ ኮቢ ብራያንት በ1996 በዚያው መንገድ ሄደዋል።

ኮርሊዮን ያንግን ግን ልጁ ሰምቶት አያውቅም። ያንግም በ1998 ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ድራፍት ገባ። ዲትሮይት በ40ኛ ተራ መረጠው። በኤንቢኤ የተጫወተው ስንት ጨዋታ ይመስላችኋል? ሦስት። በቃ፣ ሦስት ብቻ። እኛ የምናስታውሰው የተሳካላቸውን ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ቀና ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላስተምራችሁ። «ዋስ» የሚለውን ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። እቁብ ውስጥ መጀመሪያ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ «ይህ ሰው ቀሪውን ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ይፈርማል። «ዋስትና» የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው። በኤንቢኤ ድራፍት በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡት 30 ያህል ልጆች ውላቸው የሁለት ዓመት ዋስትና አለው፤ ቢጎዱም፣ ጨዋታው ቢከብዳቸውም ይከፈላቸዋል። በሁለተኛው ዙር የሚመረጥ ልጅ ግን እንዲህ ያለ በደንብ የተቀመጠ ዋስትና የለውም፤ ከክለቡ ጋር ተደራድሮ የሚያገኘውን ነው የሚይዘው። 40ኛ ተራ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ነው።

ደግሞም የሌብሮን በር ተዘግቷል። በ2005 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር አዲስ ስምምነት አደረጉ። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ ተጫዋቹ በድራፍቱ ዓመት 19 ዓመት የሚሞላው መሆን አለበት፤ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊያልፈው ይገባል። በ2025 ዳላስ አንደኛ አድርጎ የመረጠው ኩፐር ፍላግ በዚያ ምሽት ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተወለደው በታኅሣሥ ወር፣ ፈረንጆች ዓመቱን ሊጨርሱ አሥር ቀን ሲቀራቸው ስለሆነ ደንቡን ለጥቂት አሟላ።

ያ አንድ ዓመት የት ይለፍ? አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ አንድ ዓመት ተጫውተው ይወጣሉ። ለረጅም ጊዜ ይህ ግፍ አለው ይባል ነበር፤ እኔም ግፍ ነበር እላለሁ። በየካቲት 2019 ዛየን ዊልያምሰን ለዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት፣ ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጫማው ተቀደደና ጉልበቱ ተጎዳ። አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ነበር፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማም ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ሁሉም ከጨዋታው ያተርፋል፤ ልጁ ግን ከስኮላርሺፑ ሌላ ደመወዝ አልነበረውም። ብዙ ሰው «ከእንግዲህ አትጫወት፤ ጉልበትህን ለኤንቢኤ አቆየው» አለው። እሱ ግን ተመልሶ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመትም ኒው ኦርሊንስ አንደኛ አድርጎ መረጠው። ጉዳቱ የከፋ ቢሆን ኖሮስ?

እንግዲህ የእናትና የልጅ ክርክር ያረጀው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም «ወይ ትምህርት፣ ወይ ገንዘብ» እያሉ ነው የሚከራከሩት። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ግን የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ ሠርተው ገንዘብ መቀበል ተፈቅዶላቸዋል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት ለስፖርተኞቹ ሁሉ እንዲያካፍል የተፈቀደው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሁሉም ይህን ያህል ይከፍላል ማለት ግን አይደለም፤ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ብዙ ላይኖረው ይችላል።

ለውጡን ለማየት ሁለት ልጆችን እናወዳድር። ቱርካዊው ኤነስ ካንተር በ2010 ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቀደም ሲል ከቱርክ ክለቡ ከወጪው በላይ 33 ሺህ ዶላር ገደማ ተቀብሏል ተብሎ አንድም ጨዋታ እንዳይጫወት ተከለከለ። በ2024 ግን ሩሲያዊው ዬጎር ዲዮሚን ከሪያል ማድሪድ ተነሥቶ ዩታ ውስጥ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ መጣ፤ ተጫወተ፤ በ2025 ድራፍትም ስምንተኛ ተመረጠ። ድሮ ወጣቱ ገንዘብ ፍለጋ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ይሄድ ነበር። አሁን ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ በዝቷል። ጊዜያቸው ሳይደርስ ወደ ድራፍት ለመግባት የተመዘገቡት በ2021 ከ350 በላይ ነበሩ፤ በ2025 ግን ከ100 ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ናቸው። ኤንቢኤ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ለማይፈልጉ ልጆች በ2020 ያቋቋመውን «ኢግናይት» የተባለ ቡድን በ2024 ዘግቶታል።

(ከኢትዮጵያ ወይም ከዓረብ አገር በተማሪ ቪዛ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩት፦ የተማሪ ቪዛ የሥራ ገደብ አለው። እንዲህ ያለ ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ ከመቀበሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ።)

ለዚያች እናት ያልኳት አጭር ነው፤ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጪ። የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ለስንት ዓመት ነው? ልጁ ቢጎዳስ ይቀጥላል? የውጭ ክለቡስ? ስንት ወር ይከፍላል? ጉልበቱ ቢጎዳ የሚያሳክመው ማን ነው? ክለቡ ባይከፍል ክስ የሚቀርበው በየት አገር ነው? ወኪሉስ ከደመወዙ ምን ያህል ይወስዳል? ልጁ ስልኩን አወጣና ለሰውየው «ውሉን ላክልኝ» ብሎ ጻፈለት። እኔ እስከወጣሁ ድረስ መልስ አልመጣም።

ልጁም ቢሆን የሚለው ነገር አለው። የሰው ጉልበት አይጠብቅም፤ ትምህርት ግን ይጠብቃል። በመጀመሪያው ዙር እንደሚመረጥ እርግጠኛ የሆነ ልጅ ቢሄድ አልፈርድበትም። ማይክል ጆርዳን ዩኒቨርሲቲውን ሳይጨርስ በ1984 ወጥቶ ዲግሪውን በ1986 ያዘ። ሻኪል ኦኒል በ1992 ወጥቶ በ2000 ጨረሰ። ስቴፈን ከሪ በ2009 ወጥቶ በ2022 ጨረሰ። ቲም ደንከን ደግሞ የተለየ ነው፤ ልጅ ሳለ ለሞተችው እናቱ እንደሚመረቅ ቃል ስለገባ አራቱን ዓመት ተምሮ በ1997 ጨረሰ፤ ከዚያ አንደኛ ተመረጠ።

እኔ በጣም የምወደው ግን የቪንስ ካርተርን ታሪክ ነው። ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን በ1998 ከሦስት ዓመት በኋላ ትቶ ሲወጣ፣ ትምህርቱን እንደሚጨርስ ለእናቱ ቃል ገባ። እናቱ አስተማሪ ነበረች። በክረምት በክረምት እየተማረ ጨረሰ። የምረቃው ቀን ግንቦት 20 ቀን 2001 ሆነ። በዚያው ቀን ቡድኑ ቶሮንቶ ፊላደልፊያ ላይ ሰባተኛውን፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ይጫወታል፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። ካርተር ጠዋት ካባውን ለብሶ ከተማሪዎች ጋር ተቀመጠ፤ ከዚያ በግል አውሮፕላን ፊላደልፊያ ገባ። 20 ነጥብ አስቆጠረ። ሁለት ሰከንድ ሲቀር ኳሷ እጁ ገባች፤ ወረወረ፤ ሳተ። ቶሮንቶ 88 ለ 87 ተሸነፈ።

ያኔ ብዙ ደጋፊ «ምን ሊሠራ ምረቃ ሄደ?» ብሎ ተቆጣ። እኔ እናቱን ብሆን ኖሮ በዚያ ጠዋት ካባው ሳይለበስ አይቀርም ነበር። ባለቤቴ ግን ቶሮንቶ ብዙ ዓመት ስለኖረ እስከ ዛሬ በዚህ አይስማማኝም።