የጤነኞቹ አረጋውያን አንጎል ይጠና



ያልታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት መሄዱ በአገራችን እንደ ትርፍ ሥራ የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ዛሬ የማቀርበው አሳብ ለብዙ አንባቢ እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። አሳቤም ይህ ነው፤ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው የገፋ ነገር ግን ልቡናቸው ያልደከመ ጤነኞች አረጋውያን፥ ከእነርሱም ውስጥ በተለይ ድጓውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው የኖሩት ሊቃውንት፥ የአንጎላቸው ነጭ ክፍል በኤም አር አይ መሣሪያ ተነሥቶ እንዲጠና፥ ከዚያም የእርግናችን መመዘኛ ከራሳችን ሰዎች እንዲወጣ ያስፈልጋል።

ግራጫው የአንጎል ክፍል የነርቭ ሕዋሳት ማደሪያ ሲሆን፥ ነጩ ክፍል እነዚያን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚያገናኙት ረጃጅም ክሮች የሚያልፉበት ነው፤ ነጭነቱንም የሚያገኘው ክሮቹን ከሚያለብሰውና መልእክትን ከሚያፋጥነው፥ ማይሊን ከሚባለው ስባማ ሽፋን ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች የሟቾችን አንጎል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ፥ በ20 ዓመት ወጣት ወንድ አንጎል ያሉት እነዚህ ክሮች ጫፍ ለጫፍ ቢጋጠሙ 176,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚረዝሙ፥ በ80 ዓመት ግን ወደ 97,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚወርዱ ገምተዋል። በሕያው ሰው ላይ ክርን መለካት አይቻልምና፥ ፒተር ባሰር፥ ጄምስ ማቲዬሎና ዴኒስ ለ ቢሃን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት የኤም አር አይ ዘዴ የሚከተለው የውሃን እንቅስቃሴ ነው፤ ታንኳ ሠሪዎቻችን በሚያስሩት ደንገል ውስጥ ውሃ በግንዱ ርዝመት በቀላሉ ሲሰርግ በጐኑ ግን እንደሚታገድ፥ በነጩ የአንጎል ክፍልም የውሃ ቅንጣት በክሮቹ አቅጣጫ እንደ ልቧ ትሄዳለች፥ በአግድም ግን ትከለከላለች፤ ክሮቹ ሲሳሱና ሽፋናቸው ሲላላ ያ አቅጣጫ ይደበዝዛል፥ መሣሪያውም መደብዘዙን በቍጥር ያወጣዋል። በጤነኞች አረጋውያን ላይ በተደጋጋሚ የታየውም ድካሙ ከኋለኛው የአንጎል ወገን ይልቅ አሳብን በሚያደራጀውና በሚወስነው በፊተኛው ወገን ጐልቶ መገኘቱ ነው፤ ይኸው ወገን በሰው ዕድገት ዘግይቶ የሚበስል ስለ ሆነ፥ ብዙ ተመራማሪዎች በኋላ የበሰለው ቀድሞ ይደክማል ወደሚል ግምት ደርሰዋል።

ከዚህም ሌላ በሥዕሉ ላይ በነጩ ክፍል ውስጥ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳዊው ሐኪም ቭላዲሚር ሃቺንስኪና ባልደረቦቹ ሉኮአራዮሲስ ብለው ሰየሟቸው፤ በዚያው ዓመት ፍራንዝ ፋዜካስና ባልደረቦቹ ብዛታቸውን ከ0 እስከ 3 የሚለይ ደረጃ አበጁላቸው። በሽምግልና ዘመን እነዚህ ነጠብጣቦች ጥቂትም ቢሆኑ በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፥ ሲበዙና ሲሰፉ ግን የስትሮክና የመርሳት በሽታ ሥጋት መጨመሩን ያመለክታሉ። አስቸጋሪው ነገር የቱ ለዕድሜው የተለመደ፥ የቱ ደግሞ ማስጠንቀቂያ እንደ ሆነ መለየቱ ነው። የማውቃቸው አንድ አባት ለራስ ምታት በኤም አር አይ ተነሥተው በነጩ ክፍል ለውጥ ታይቷል የሚል ወረቀት ይዘው ቢመለሱ፥ ልጆቻቸው አባታችን ጃጁ ብለው የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ከእጃቸው ወሰዱ፤ እኒያ አባት ግን እስከ ዛሬ ባሕረ ሐሳብን ያለ መጽሐፍ አስልተው፥ አጽዋማቱንና በዓላቱን አውጥተው፥ ፋሲካ የሚውልበትን ዕለት ይናገራሉ።

እንዲህ ያለው ወረቀት የሚመዘንበት ሚዛን በአብዛኛው የተሠራው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ሰዎች ነው። ባዮባንክ የተባለው የብሪታንያ የጤና መዝገብ ብቻውን የ100,000 በጎ ፈቃደኞችን ሥዕል ሰብስቧል፤ ይህም ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በእግሩ ሲጓዝ፥ ሲያርስና ሲጾም የኖረ፥ ጤፍና ሽሮ የተመገበ፥ በልጅነቱም ወባና ረኀብ ያየ የደንቢያ ወይም የዘጌ ሰው በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። የአኗኗር ልዩነት በአንጎል እርጅና ላይ ምን ያህል ሊታይ እንደሚችል ለመረዳት በቦሊቪያ ደን በእርሻና በአደን የሚኖሩትን ጺማኔዎች ማስታወስ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት የ746 ጐልማሶችና አረጋውያን አንጎል በሲቲ ስካን ቢለካ፥ በዕድሜ ምክንያት የሚቀንሰው መጠን በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚታየው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የእኛስ ገበሬ ወዴት ያዘነብላል?

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የሊቃውንቱ ነገር ነው። በቤተ ልሔም ድጓ፥ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት፥ በዋሸራና በጎንጅ ቅኔ እየቈጠሩ፥ ሌሊቱን ሙሉ በቃል እያዜሙ ዘመናቸውን የፈጸሙ መምህራን በዚህ በጣና ዙሪያ አሉ፤ ዓይነ ሥውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ብዙ ደቀ መዝሙር ያስተማሩት ከልቡናቸው መዝገብ እያወጡ ነበር። ሕንዶች ይህን የመሰለውን ሀብታቸውን አልናቁትም፤ ጄምስ ሃርትዜልና ባልደረቦቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቬዳ የተባለውን መጽሐፋቸውን በቃል የሚያጠኑ 21 ሊቃውንትን በኤም አር አይ አንሥተው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፥ በቋንቋና በማስታወስ የሚያገለግሉት የአንጎል ቦታዎች ግራጫ ክፍላቸው ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ዳብሮ መገኘቱን ገለጡ። ያ ጥናት ግራጫውን ክፍል የተመለከተ ነው። የዕድሜ ልክ የቃል ትምህርት የሽማግሌን ነጭ ክፍል ከድካም ይጠብቅ እንደ ሆነ ለመጠየቅ ከድጓ መምህር የተሻለ ምስክር ከወዴት ይገኛል? እነዚህ አባቶች በየዓመቱ እያረፉ ነው፤ ያረፈውን ደግሞ ማንም መልሶ ማንሣት አይችልም።

በሽተኛው ተራ ሲጠብቅ ለጤነኛው መሣሪያውን ማዋል ግፍ ነው የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል፤ ነገሩም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን እኔ የምለው የበሽተኛው ተራ ይወሰድ አይደለም፤ በዕረፍት ቀንና በምሽት ሰዓት፥ በጥቂት ሰዎች ቢጀመር ይበቃል፤ ኤም አር አይ እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን አደገኛ ጨረር የለውም፥ የአንዱም ሰው ምርመራ ከአንድ ሰዓት በታች ይፈጸማል። የጤነኛው ልክ ካልታወቀ ደግሞ የበሽተኛው ሥዕል በግምት መነበቡ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥቅሙ ዞሮ ወደዚያው ተራ ጠባቂ ይመለሳል።

ጥናቱ ከደም ግፊት መለካት ጋር አብሮ እንዲሄድ አጥብቄ እለምናለሁ። ስፕሪንት በተባለው የአሜሪካ ጥናት፥ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ተገለጠው፥ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች በአራት ዓመት ገደማ ነጠብጣባቸው በ0.92 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሲጨምር፥ ከ140 በታች እንዲሆን የታከሙት ግን በ1.45 ጨምሮባቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፥ ከእርጅና ጋር የሚመጣው ሁሉ የማይመለስ ዕጣ አለመሆኑን ያሳያል፤ የደም ግፊት መለኪያውም በየጤና ጣቢያው ያለ ዕቃ ነው።

ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ሁሉ በመምህራኑ ፈቃድና ቡራኬ ይሂድ፤ በሥዕሉ ላይ ያልታሰበ በሽታ የተገኘበት አባት ሕክምናው ሳይዘጋጅለት ወሬው ብቻ አይነገረው፤ ሥዕሎቹም በአገራችን ይቀመጡ። ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ፥ ጥናቱ የወንዶች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መነኰሳይያትና የከተማው እናቶች ከመጀመሪያው ይታሰቡ።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ መምህራን፥ የሀገረ ስብከቱ አባቶችና የጉባኤ ቤቶቹ መምህራን በአንድነት ተቀምጠው በዚህ ነገር እንዲመክሩበት በመጽሔታችሁ በኩል እማጸናለሁ። እኔም ዕድሜዬ ከሰባ ያለፈ ስለ ሆነ፥ ጥናቱ በተጀመረ ዕለት ለመመርመር ፈቃደኛ ነኝ።


አንድ ጡረተኛ መምህር፥ ከባሕር ዳር