ማሽኑን ማን ይጠይቀው?

«ሰው ያዳላል፣ ማሽን አያዳላም።» ይህን አባባል ከቆቦ ወጣቶች ደጋግሜ እሰማለሁ። የብድር ኮሚቴ ዘመዱን ያስቀድማል፤ የዕቁብ ሰብሳቢም ገንዘብ ይዞ ይጠፋል፤ ስለዚህ ውሳኔውን ለስልኩ እንተው ይላሉ። ቅሬታው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው፤ ያውም ራያን የሚጎዳ።

ቴሌብር መላን ውሰዱ። በ2014 ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሲጀምረው መያዣ የማይጠይቅ አነስተኛ ብድር ሆኖ መጣ። መልካም ነው። ነገር ግን ለማን ስንት እንደሚገባ የሚሰላው ሰውየው በስልኩ ላይ ከተወው ዱካ ነው። የቆላው ገበሬ ማሽላውን ወቅቶ የሚሸጠው፣ ፍየሉንም ገበያ የሚያወጣው በጥሬ ብር ነው። ዱካ ያልተወን ሰው ማሽኑ በምን ያውቀዋል? ጎረቤቱ ግን በሬዎቹን ያውቃል፤ ማሳውን ያውቃል፤ የአምናውን ዱቤ በቀኑ መክፈሉንም ያውቃል። መስፈሪያውን የሠራው ሰው ነው፤ ልዩነቱ ስሙንና አድራሻውን አለማወቃችን ብቻ ነው።

አለማዳላትስ ብቻውን ምን ይረባል? መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ለደንበኞች ፈቀደ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ማሽኑ አላዳላም፤ ለጠየቀው ሁሉ ሰጠ! ባንኩ በኋላ እንደገለጸው ወደ 801 ሚሊዮን ብር ወጣ። አብዛኛውን ያስመለሰው ሰው ነው፦ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ የመለሰ አይከሰስም አሉ፤ ያልመለሱት ደግሞ በስምና በፎቶ ተለጠፉ።

የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ታሪክ ከዚህም ይከፋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ገንዘብ ጎድሏል እያለ፣ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ሠራተኞች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። «አልወሰድንም» ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም። ለካ ጉድለቱ የሥርዓቱ ኖሯል። ፓርላማ ፍርዱን በሕግ የሰረዘው በ2024 ነው፤ ስንቱ ከታሰረና ስንቱ ከሞተ በኋላ።

እኛ ደግሞ ሌላም አይተናል። ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ፣ ከ2013 ክረምት ጀምሮ ለወራት ባንክም ስልክም ተዘጋ። በስልክ ያለ ብር ቁጥር ብቻ ሆነ። ብዙ ቤት የሰነበተው በባለሱቅ የዱቤ ደብተርና በጎረቤት ብድር ነው። (ሰላም በሆነ ጊዜስ ባንክ ሄደን «ሲስተም የለም» ስንባል ማን ተጠይቆ ያውቃል?)

የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለሁም። ማሽን ይቁጠር፣ ይመዝግብ፤ በቆጠራ ከእኛ ይሻላል። የሚያዳላውን ኮሚቴ ግን በስብሰባ ታስነሡታላችሁ፤ ሒሳቡን ታስመረምራላችሁ፤ ባይሆን ታወርዱታላችሁ። ስልኩን በየትኛው ስብሰባ ታቆሙታላችሁ? እንግዲህ ወገኖቼ፣ አባታችሁ «ብድር አልተፈቀደልዎትም» የሚል መልእክት ሲደርሳቸው አታጥፉት። ይዛችሁት ወደ ቅርንጫፉ ሂዱ፤ ብቻችሁን ሳይሆን ብዙ ሆናችሁ። ምክንያቱን በአማርኛ የሚያስረዳ፣ ስሕተት ካለም የማረም ሥልጣን ያለው ሰው ቆቦ ላይ እንዲቀመጥ ጠይቁ።