ለትንሿ መኪና ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ሠርተው ለውድድር ለማቅረብ እንዲችሉ ማኅበራችን ገንዘብ በማሰባሰብ እንዲረዳቸው በደብዳቤ መጠየቃቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ በምግብ አዳራሹ የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ወንበርና መጽሐፍ ባልተሟላበት አገር ለመጫወቻ መኪና መዋጮ ምን ይባላል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አንድ ባለጸጋ ፈልገን ሁሉንም ይክፈልላቸው» ይላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ነገሩን በሚገባ አልተመለከቱትም እላለሁ።

አስቀድሞ ስለ ውድድሩ ጥቂት ልበል። ውድድሩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1999 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት «ኤፍ ዋን ኢን ስኩልስ» ሲባል ቆይቶ ከ2025 ወዲህ «ስቴም ሬሲንግ» ተብሏል። ከ3 እስከ 6 የሚሆኑ ተማሪዎች አንድ ቡድን ያቆማሉ። መኪናዋን በኮምፒዩተር ይነድፋሉ፤ ከቀላል የፎም ጥርብ በማሽን ይቀርጿታል፤ ከኋላዋም 8 ግራም የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ትንሽ የብረት ብልቃጥ ይከቱባታል። ብልቃጡ ሲበሳ ጋዙ ወደ ኋላ ይወነጨፋል፤ መኪናዋ ወደ ፊት ትፈተለካለች፤ 20 ሜትሩንም ከአንድ ሰከንድ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ትጨርሳለች። በዚህች ቅጽበት የኒውተን ሦስተኛ ሕግ፣ የአየር ግፊትና የመንኰራኵር ሰበቃ ሁሉም ይፈተናሉ። እኛ በጠመኔ ብቻ የተማርነውን እነዚህ ልጆች በእጃቸው ሊነኩት ነው። ታዲያ ይህን መጫወቻ ማለት እንዴት ይቻላል?

ደግሞም ፍጥነት ብቻውን አያሸንፍም። ዳኞች ንድፉን፣ አሠራሩንና የቃል ገለጻውን፣ እንዲሁም ቡድኑ ደጋፊ ያገኘበትንና ሥራውን የመራበትን መንገድ ጭምር መዝነው ነጥብ ይሰጣሉ። ስለዚህ ገንዘብ ማሰባሰቡ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነው። አንድ ባለጸጋ ሁሉንም ቢከፍል፣ ልጆቹ የሚማሩት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ደጅ መጥናትን ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን አንድ እውነት መሸሸግ የለበትም። እንዲህ ያለው ደንብ ለባለጸጋ ልጆች ያደላል። አባቱ ድርጅት ያለው ተማሪ በአንድ ስልክ የሚያገኘውን፣ የጉልት ነጋዴ ልጅ ወር ሙሉ ዞሮ ላያገኘው ይችላል። ማኅበራችን ሊገባበት የሚገባውም ስለዚሁ ነው። በልጆቹ ፋንታ ሊለምንላቸው ሳይሆን፣ የሚያንኳኩት በር እንዳያጡ ሊያደርግ ነው።

እንዴት? በመጀመሪያ ጥሬ ገንዘብን ብቻ አናስብ። አንድ የቶርኖ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራውን፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ጥቂት ትንንሽ ኩሽኔታዎችን ቢሰጥ ለቡድኑ ትልቅ ነገር ነው። በምትኩ ስማቸው በመኪናዋ ጎን ይጻፍላቸው። ሰጪውም ተቀባዩም የየራሱን ድርሻ ካወቀ ይህ ውል ነው እንጂ ልመና አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከእኛ የሚሰበሰበው መዋጮ ጥቂት ይሁን፤ በፈቃድም ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ነገር ግን የሰጪዎችን ስም ዝርዝር በየመኝታ ክፍሉ ማዞር አይገባም። ከቤቱ የኪስ ገንዘብ የማይላክለት ወንድማችን በዚህ ምክንያት መሸማቀቅ የለበትም። ከዚያ ይልቅ አንድ የቴያትር ምሽት አዘጋጅተን መግቢያ ብንሸጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ይቆረጥ፤ የገባውና የወጣው በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ያዋጣነው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ሳንሰማ የቀረንባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። አሁን ሰው እጁን ወደ ኪሱ ለመስደድ የሚያመነታው ከንፍገት ይልቅ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ሒሳቡንም ልጆቹ ራሳቸው ይያዙ፤ መምህራቸው ይቆጣጠር።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአወጣጡ ቅደም ተከተል ነው። ከአውሮፕላን ቲኬትና ከደንብ ልብስ በፊት ለትምህርት ቤቱ የሚቀር ዕቃ ይገዛ። ኮምፒዩተር፣ መለኪያ፣ ሞረድና መጋዝ ይቅደሙ። ቡድኑ ቢሸነፍ፣ ወይም ከአገር ሳይወጣ ቢቀር እንኳ፣ በሚመጣው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች የሚሠሩበት ዕቃ ያገኛሉ። ቲኬቱ አምስት ልጆችን አንድ ጊዜ ወስዶ ይመልሳል፤ መሣሪያው ግን እዚያው ይቆያል። ወንበርና መጽሐፍ ይቅደም ለሚሉት ወንድሞቼም መልሴ ይኸው ነው።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የምሕንድስና ክፍሉ ወርክሾፕ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ለእነዚህ ልጆች በወር ሁለት ቅዳሜ ቢከፈትላቸውና ከእኛ መካከል ሁለት ሦስት ተማሪዎች አብረዋቸው ቢቆሙ፣ በገንዘብ የማይገዛ እርዳታ ይሆናል። የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚም ደብዳቤውን በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ አድርጎ ይያዝልን። እንረዳቸው ወይም አንረዳቸው፣ ልጆቹ መልስ ሊያገኙ ይገባል።