የከተማ ግብርና በካዛንቺስ፦ የቦታና የይዞታ ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ቤተሰብ ሁሉ በአቅሙ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋና ማር እንዲያመርት ያበረታታል። ከዚሁ ጎን ለጎን የጓሮ አትክልት ልማት በከተሞች ተስፋፍቷል። ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ግን ጥሪውን ተግባራዊ ማድረግ ቀላል አይደለም። ቂርቆስ በመዲናዋ እምብርት የሚገኝ በመሆኑ እንደ አቃቂ ቃሊቲ ያለ የእርሻ ዳርቻ የለውም።

ካዛንቺስ ስሙን የወረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከታነጹ መኖሪያ ቤቶች ነው። ከጊዜ በኋላ በብዙ ግቢዎች ጓሮው በተጨማሪ ክፍሎች ተያዘ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ወደ አካባቢው ሲደርስ ደግሞ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛወሩ። ዶሮ በቅርጫት ይሄዳል፤ ሥር የሰደደ ጌሾ ግን አይሄድም። ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትን ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረት ካሳ የሚሰጠው ለባለይዞታው ነው። ስለዚህ በቀበሌ ቤት ጓሮ ቋሚ ተክል የሚተክል ተከራይ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

የራስ ባልሆነ ሥፍራ ማምረት የካዛንቺስ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በዛንዚባር ከ1980ዎቹ የአውሮፓ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የባሕር አረም የሚያለሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ማዕበሉ ሲሸሽ ጥልቀት በሌለው የባሕር ዳርቻ ችካል ተክለው ገመድ ይዘረጋሉ። የውኃው ሙቀት መጨመር የተሻለ ዋጋ የሚያወጣውን ዝርያ ሲጎዳባቸው፣ አንዳንዶቹ ምርታቸውን ወደ ሳሙናና ቅባት መለወጥ ጀመሩ። ጠባብ ቦታ ያለው አምራችም ገቢው የሚወሰነው በስፋቱ ሳይሆን በምርቱ ዓይነት ነው።

በዚህ ስሌት ለካዛንቺስ የሚስማማው በጆንያ፣ በባልዲና በተደራራቢ መደብ የሚለማ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ አምራቹ ሲዛወርም አብሮት ይጓዛል። የውኃው ምንጭ ግን ሊታሰብበት ይገባል። የከተማዋ ወንዞች በፍሳሽና በፋብሪካ ተረፈ ምርት የተበከሉ ናቸው፤ በወንዝ ውኃ የበቀለ ቅጠል ከባድ ብረቶችን በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ማጠብ ብቻውን አያጠራውም። የዝናብ ውኃን ከጣሪያ ማጠራቀም የተሻለ አማራጭ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ዶሮ ለማርባት ያሰበ ነዋሪ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ከነዋሪዎች ማኅበር ጋር ሊስማማ ይገባል፤ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሽታ ነው።

የሙያ ምክር የሚፈልጉ ነዋሪዎች በክፍለ ከተማውና በየወረዳው ወደሚገኙ የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች መቅረብ ይችላሉ። በቅርቡ የተዛወሩም ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት አሁን በሚኖሩበት ወረዳ ነው።