ቅድስና ብቻውን አጥር አይሆንም

በሂማላያ ተራሮች፣ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ቋጥኝ መሀል አንድ አበባ በክረምቱ ዝናብ ይፈካል። ሕንዶች «ብራህማ ካማል» ይሉታል፤ የብራህማ ሎተስ ማለት ነው። ስሙ ሎተስ ይባል እንጂ ከሎተስ ጋር ዝምድና የለውም። ዘመዶቹ ሱፍ፣ ኑግ እና የኢትዮጵያው አደይ አበባ ናቸው።

አፈጣጠሩ ይደንቃል። ስስ ወረቀት የመሰሉ ገርጣ ያሉ ቅጠሎች ሐምራዊውን አበባ ዙሪያውን ሸፍነው ከብርድና ከዝናብ ይጠብቁታል። የላቲን ሳይንሳዊ ስሙም «ዙሪያውን የታጠረ» የሚል ትርጉም አለው። አበባው ከብርድ ራሱን ያጥራል። ከሰው እጅ ግን አጥር የለውም።

ኡታራካንድ በ2000 እ.ኤ.አ. ከኡታር ፕራዴሽ ተለይታ ራሷን የቻለች ግዛት ስትሆን ይህንን አበባ መለያዋ አድርጋ መረጠች። በኬዳርናት ቤተ መቅደስ ለሺቫ ይቀርባል፤ በባድሪናትም እንዲሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. በእያንዳንዱ ዓመት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ኬዳርናት ወጥቷል። ቤተ መቅደሱ ክፍት የሚሆነው ደግሞ በዓመት ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እዚህ ተረቱ ተገልብጧል፦ አንድ አበባ ለአንድ ተሳላሚ ጌጥ ነው፤ የሺህ ተሳላሚዎች ጌጥ ሲደመር ግን ለተራራው የማይቻል ሸክም ይሆናል።

«የተቀደሰ ነገር ማን ይነካዋል?» የሚል ይኖራል። እውነታው ተቃራኒው ነው። ይህ አበባ የሚቀጠፈው የተቀደሰ ስለሆነ ነው። ቅድስናው ገበያ ፈጠረለት። በዘር የሚራባ ተክል አበባው ዘር ሳያፈራ በተቀጠፈ ቁጥር ለከርሞ የሚበቅለው ያንሳል። የአየሩ ሙቀት ሲጨምር የደጋ ተክሎች ብርድ ፍለጋ ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ጫፍ ላይ ያለው ግን መሸሻ የለውም።

የጥንቱ ሰው ይህን ያውቅ ነበር። በላይኛው ሂማላያ ያሉ ማኅበረሰቦች የናንዳ ዴቪ በዓል ሳይደርስ አበባውን መቅጠፍ ነውር አድርገውት ኖረዋል። በዓሉ የሚውለው በክረምቱ ማብቂያ ላይ በመሆኑ ተክሉ ጊዜ ያገኛል። እምነቱ አበባውን ያከበረው ከነገደቡ ነው። ዛሬ ክብሩ ቀርቶ ገደቡ ተረሳ ቢባል ስህተት ነው፤ ክብሩ አለ፣ የጠፋው ገደቡ ነው።

መፍትሔው ለቅሞ የሚሸጠውን ድሃ የተራራ ገበሬ ማሰር ብቻ ሊሆን አይችልም። እሱ የሚሸጠው የሚገዛው ስላለ ነው። ቁልፉ ያለው በቤተ መቅደሶቹ አስተዳዳሪዎች እጅ ነው። ከበዓሉ በፊት የተቀጠፈ አበባ ከደጃፍ ቢመለስ ገበያው በራሱ ይቀዘቅዛል። ፖሊስ በየገደሉ ሊቆም አይችልም፤ የካህን ቃል ግን ከፖሊስ ዱላ ርቆ ይሄዳል። መንግሥት በበኩሉ ተክሉን የሚያፈሉ የመንደር ችግኝ ጣቢያዎችን ቢደግፍ፣ ዛሬ የሚለቅመው ገበሬ ነገ የሚያለማ ይሆናል።

ካልሆነስ? ፍንጩ በሕንድ ከተሞች ይታያል። ብዙ ሰው በየበረንዳው በሌሊት የሚፈካ ነጭ አበባ ተክሎ «ብራህማ ካማል» ይለዋል። ያ ግን ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ የቁልቋል ዘር ነው። ስሙ እንግዲህ ሌላ ተሸካሚ አግኝቷል፤ የተራራው አበባ ቢጠፋም ሲጠራ ይኖራል። ለዚህ ነው አደጋው የሚከፋው፦ እውነተኛው አበባ ከተራራው ቢጠፋ ብዙዎች መጥፋቱን እንኳን ላያስተውሉ ይችላሉ።