ይግባኝ ያለ ችግረኛ ደረሰኝ ይሰጠው

ክቡር ዋና አዘጋጅ፤



ለችግረኛ የሚሰጥ ድጎማ ጠይቆ «አልተፈቀደልህም» የተባለ ሰው ይግባኝ ለማለት መብት አለው። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች ሲጀመር፣ ጉልበት ያለው በጽዳትና በመሳሰለው የአካባቢ ልማት ሠርቶ እንዲከፈለው፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ግን ሥራ ሳይጠየቁ እንዲረዱ ተደንግጎ ነበር። ችግረኛውን የሚለይ የሰፈር ኮሚቴ፣ ቅር የተሰኘውንም የሚሰማ ኮሚቴ ተቋቁሟል። አሳቡ የሚመሰገን ነው።

ጉድለቱ የሚታየው በአፈጻጸም ላይ ነው። አመልካቹ አለመመረጡን የሚሰማው በቃል ነው፤ ምክንያቱ ተጽፎ አይሰጠውም። ይግባኙን ካስገባ በኋላም «ሌላ ቀን ይመለሱ» ከመባል በቀር ጉዳዩ ከማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የሚነግረው አያገኝም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ማለታቸው ስለዚህ ነው።

ነገሩ በካዛንቺስ ይበልጥ ይከብዳል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከነዋሪው ብዙው ወደ ሌሎች ክፍለ ከተሞች ተዛውሯል። የሰፈር ኮሚቴ ድኻን የሚለየው በጎረቤት ምስክርነት ነው። አንዲት አሮጊት በቂርቆስ ሳሉ ያስገቡት ማመልከቻ በቀድሞው ወረዳ ቀርቶ እሳቸው ሩቅ ሰፈር ቢገቡ፣ ከአዲሱ ጎረቤት ችግራቸውን የሚመሰክር ማን ነው? እጃቸው ላይ ቁራጭ ወረቀት እንኳ ከሌለ «አመልክቼ ነበር» ማለታቸውን ማን ያምናል?

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ የአስተዳደር ውሳኔ በምክንያት የተደገፈ እንዲሆን የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ያዛልና። ሁለተኛ፣ ይግባኝ ሲቀበሉ ቀኑ፣ የመዝገቡ ቁጥርና ለመልስ የተቀጠረው ዕለት የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጠው። ጉዳዩን ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊያደርስ ቢፈልግም ማስረጃ ይሆነዋል። ሦስተኛ፣ ሰው ሲዛወር ዶሴው ከነቀድሞ ጎረቤቶቹ ምስክርነት ወደ አዲሱ ወረዳ ይተላለፍ።

«ሥራ ይበዛብናል» የሚል ባልደረባ አይጠፋም። ነገር ግን ቀጠሮውን በወረቀት የያዘ ሰው በቀጠሮው ዕለት ብቻ ይመጣል፤ ያልያዘው ግን በየሳምንቱ እየተመላለሰ እሱም ይደክማል፣ እኛንም ያደክማል። ገንዘቡ ለሁሉ እንደማይበቃ የታወቀ ነው። ቢሆንም ምክንያቱን አውቆ የተከለከለ ሰው አንድ ነገር ነው፤ ሳያውቅ የተንከራተተ ሌላ ነው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት መጠሪያ ነው። ሰፈሩ በእኛ ሙያ የተጠራ ከሆነ፣ ከዚያ የተነሡትን ችግረኞች አቤቱታ በአግባቡ መዝግቦ መያዝ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚያንሰን አይደለም። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ የተናገረውንስ ሰምቶ የሚጽፍለት ካላገኘ መናገሩ ምን ይጠቅመዋል?

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቂርቆስ፣ አዲስ አበባ