አዲስ የጨዋታ መሣሪያ በወጣ ጊዜ ነጋዴው ስለሚይዘው ሚዛን

ማናቸውም ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ሳለ ያማረ ነው፤ እውነተኛው ዋጋው የሚታወቀው ግን ገዢው ይዞት ከሄደ በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ጨርቅ የሚያመጣ ሰው ቀለሙ በውሃ እንዳይለቅ አስቀድሞ ይፈትናል፤ እህል የሚገዛም ሰው እጁን ወደ ጆንያው ሥር አግብቶ ሳያይ ሒሳብ አይከፍልም። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ግን ነጋዴው ሳይዳስስና ሳይመረምር፣ የወጣበትን ቀንና የተወራለትን ወሬ ብቻ ሰምቶ የሚያዝዘው አንድ ዕቃ ወደ ገበያ ገብቷል። ይኸውም የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ ነው።

«ይህ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ስለ መጫወቻ በነጋዴዎች ጋዜጣ ላይ መከራከር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የውስጥ መንገዶች ይዘዋወር። ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበርና በበሩ ላይ መጋረጃ ያለበት ክፍል ያያል፤ ከውስጡም የእግር ኳስ ጨዋታ ጩኸት ይሰማል። ሰው ሁሉ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚለው ይህ ነው። ወጣቶች በጨዋታ ወይም በሰዓት እየከፈሉ ይጫወቱበታል። ባለቤቱም ብዙውን ጊዜ ራሱ ወጣት ነው፤ መነሻ ገንዘቡን ከዘመድ የተበደረ ወይም ከዕቁብ ያገኘ ነው። ለልብስ ሰፊ የስፌት መኪና የእንጀራ ዕቃ እንደ ሆነ፣ ለዚህም ወጣት መሣሪያው እንዲሁ ነው። ስለዚህ የማይሆን መሣሪያ የሸጠለት ነጋዴ የአንድን ቤት ጉሮሮ መዝጋቱ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች በውጭ አገር እንዴት ወደ ገበያ እንደሚወጡ ማወቅ ይጠቅማል። ኩባንያው ቀን ይቆርጣል፤ ወሬው ወራት ሲቀሩት ይጀመራል፤ ቀኑ ሲደርስም ሕዝቡ ለመግዛት ይሽቀዳደማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 2020 የጃፓኑ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 5ን ባወጣ ጊዜ፣ ሲዲ የሚቀበለው በአሜሪካ በ499 ዶላር፣ የማይቀበለው በ399 ዶላር ቀረበ። ዕቃው ግን እስከ 2022 ድረስ ከፈላጊው ቁጥር ጋር ሊመጣጠን ስላልቻለ፣ ቀድመው የያዙ ሰዎች ከተተመነው ዋጋ እጅግ አስበልጠው ቸረቸሩት። ኒንቴንዶም በጁን 5 ቀን 2025 ስዊች 2 የተባለውን በ450 ዶላር ገደማ አውጥቶ፣ በ4 ቀን ውስጥ ከ3 ሚሊዮን 500 ሺሕ በላይ ሸጠ። ይህ ቁጥር የሕዝቡን ጉጉት ያሳያል፤ ስለ መሣሪያው ጥንካሬ ግን የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። በ4 ቀን ውስጥ የአንድን ዕቃ ዕድሜ መመዘን የሚችል ሰው አይገኝምና። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ግዢ ይስማማል።

«እንግዲያውስ መሣሪያዎችንና ጨዋታዎችን የሚመረምሩ ሐያስያን አሉ፤ እነርሱ የጻፉትን አንብቦ ማዘዝ አይበቃምን?» ይባል ይሆናል። የሐያስያን ሥራ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ወሰኑ ሊታወቅ ይገባል። ሐያሲው ዕቃውን ከሕዝቡ አስቀድሞ የሚቀበለው ከኩባንያው እጅ ነው፤ ጽሑፉንም ከተቆረጠው ቀን በፊት እንዳያወጣ ውል ይገባል። የሚያየውም የተሰጠውን ብቻ ነው። ለዚህ በዲሴምበር 2020 የወጣው ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጨዋታ በቂ ምስክር ነው። የፖላንዱ ኩባንያ ከመውጫው ቀን በፊት ለሐያስያን የሰጠው በኮምፒዩተር የሚሠራውን ዓይነት ነበር፤ ጽሑፋቸውም በምስጋና የተሞላ ሆነ። በፕሌይስቴሽን 4 የገዛው ሕዝብ ግን ጨዋታው እየተንቀረፈፈና እየተቋረጠ አስቸገረው። ሶኒም ከሳምንት በኋላ ጨዋታውን ከመደብሩ አውጥቶ ለገዢዎች ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ፤ ወደ መደብሩም የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ሐያስያኑ አልዋሹም፤ ያዩትን ተናገሩ። ላላዩት ነገር ግን የከፈለው ገዢው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ። ሐያሲው ቅን ቢሆንም እንኳ፣ የሚመዝንበት ሚዛን የተሠራው ለራሱ አገር ነው። መብራት በማይጠፋበትና ፈጣን የኢንተርኔት መስመር በየቤቱ በገባበት ከተማ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው፣ ምስሉ ምን ያህል እንደ ጠራ ይተነትናል። በሞጆ ያለ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ፣ የነፋስ ኃይል ማማዎችም በአዳማ ኮረብታዎች ላይ ቆመው ሳሉ፣ መብራት ሄዶ መምጣቱ በየሱቁ የታወቀ ነው። ጨዋታው በሚመዘገብበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል፤ ኃይሉ በድንገት ሲመለስም ስታቢላይዘር የሌለውን መሣሪያ ይጎዳል። የአዳማ ሙቀትና ነፋስ የሚያነሣው አቧራም በማቀዝቀዣው ውስጥ ይከማቻል።

የቮልቱም ነገር አይረሳ። ቀደም ባለው ጊዜ ለጃፓን ገበያ የተሠራው ፕሌይስቴሽን 2 በ100 ቮልት የሚሠራ ስለ ነበረ፣ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠል ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ይህ ሥጋት ቀርቶለታል፤ ያገለገለ አሮጌ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ግን ከጀርባው የተጻፈውን ሳያነብ ገንዘቡን አይቁጠር።

ዛሬ ከሁሉ የሚከብደው የሲዲው ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ያን ጊዜ 700 ዶላር ይጠየቅበት የነበረ ቢሆንም የሲዲ ማጫወቻ የለውም፤ የፈለገ ሰው ማጫወቻውን ለብቻው በ80 ዶላር ገደማ ይገዛል። ከስዊች 2 ጨዋታዎችም አንዳንዶቹ በካርዱ ላይ ያለው መክፈቻ ብቻ ሆኖ፣ ጨዋታው ራሱ በኢንተርኔት የሚወርድ ነው። አሁን ከትልልቆቹ ጨዋታዎች ብዙዎቹ 100 ጊጋባይት የሚያህሉ ወይም የሚበልጡ ናቸው። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያመጣ መስመር 100 ጊጋባይት ለማውረድ፣ መስመሩ አንድ ጊዜ እንኳ ባይቋረጥ፣ ከ55 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። በዚህም ላይ የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ እስከ 2024 ድረስ ኢትዮጵያ አልነበረችም፤ የሚጠቀም ሰው ቢኖር በሌላ አገር ስም ተመዝግቦ ነው። ሲዲ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ይሸጣል፤ ይለወጣል። ለውጭው ሐያሲ በአንድ አንቀጽ የሚታለፈው ነገር ለባቱው ባለ ቤት የሥራው መሠረት ሆኖ ይገኛል።

ስለ ዋስትናም ቢታሰብ እንዲሁ ነው። ማይክሮሶፍት በ2005 ያወጣው ኤክስቦክስ 360 በመጀመሪያው ቀን ተወድሶ ነበር። ቀይ መብራት እያበራ የሚሞት መሣሪያ ግን ስለ በዛ፣ ኩባንያው በጁላይ 2007 ዋስትናውን ወደ 3 ዓመት አራዝሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጪ መደበ። የአሜሪካው ገዢ በዚህ ዳነ። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ መሣሪያ ከሱቅ የገዛ ሰው ግን ዋስትናው የሻጩ ፊት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የታገሠ ነጋዴ የመሣሪያውን ሕመም ከነመድኃኒቱ ያውቃል፤ ያልታገሠው ግን ሕመሙን በደንበኞቹ ቤት ይማራል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የገንዘቡ ሒሳብ አለ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ450 ዶላር መሣሪያ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታከልበት፣ በ57 ሲባዛ 25,650 ብር፣ በ100 ሲባዛ 45,000 ብር ነው። እንዲህ ያለ ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ተኝቶ ሳለ አዲስ ዓይነት ቢወጣ፣ ኪሳራው የባለ ሱቁ እንጂ የኩባንያው አይሆንም።

ይህም በትልልቆቹ አገሮች ሳይቀር የታየ ነው። በ1982 የአሜሪካው አታሪ ለገና ገበያ ለማድረስ ሲል በ5 ሳምንት ገደማ ያሠራውን ኢ.ቲ. የተባለ ጨዋታ በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ አውጥቶ ነበር። ባለ ሱቆችም በስሙ ተማምነው መጋዘናቸውን ሞሉ፤ ብዙው ሳይሸጥ ቀረ። አታሪም በ1983 የተረፈውን ዕቃ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀበረው፤ በአፕሪል 2014 ተቆፍሮ ሲወጣ ዓለም ተመለከተው። ከዚህ በኋላ ነጋዴው ሁሉ ስለ ፈራ፣ ኒንቴንዶ በ1985 ወደ ኒው ዮርክ ሲገባ ያልተሸጠውን መልሶ እንደሚወስድ ለባለ ሱቆች ቃል ለመግባት ተገዷል። አስመጪና ቸርቻሪ ሊማሩት የሚገባው ይህን ውል ነው፤ በዕቃው የተማመነ አቅራቢ ከቸርቻሪው ጋር ኪሳራውን ለመካፈል አይፈራም።

«የታገሠ ሰው ገበያውን ለመርካቶ ነጋዴ ይተዋል፤ ትርፉ የቀዳሚው ነው» የሚለው ክርክር ዋዛ አይደለም። በእርግጥ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትርፍ ወፍራም ነው፤ አዲስ ነገር ለማየት የሚጓጓ ባለ ገንዘብም በአዳማ አይጠፋም። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ቀብድ ተቀብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ መደርደሪያን በዕዳ መሙላት ግን ሌላ ነው። ደግሞም አዳማ ከጅቡቲ በሚመጣው መንገድ ላይ ያለች፣ ለሞጆ ደረቅ ወደብ ጎረቤት የሆነች ከተማ ናት፤ መሣሪያው መልካም መሆኑ በታወቀ ጊዜ ለማምጣት የሚርቃት ነገር የለም። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 ወጥቶ ሥራው እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ አልቆመም፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። መልካም መሣሪያ ለታጋሽ ነጋዴም የሚበቃ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ታዲያ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚስማማው ሐያሲ ማን ነው? የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤቱ ነው። የውጭው ሐያሲ መሣሪያውን ለጥቂት ሳምንታት በአንድ እጅ ይነካዋል፤ የዚህ ወጣት መሣሪያ ግን ከጧት እስከ ማታ በብዙ እጅ ይሠራል። ጆይስቲኩ በስንት ወር እንደሚላላ፣ መሣሪያው በየትኛው ሰዓት እንደሚግል፣ የትኛው ጨዋታ ደንበኛ እንደሚጠራ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ከርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህን ዕውቀት እስከ ዛሬ የጠየቀው ነጋዴ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚነግዱ ሰዎች አዲስ መሣሪያ በመጣ ጊዜ አንዱን ብቻ ከፍተው ለአንድ የታመነ ባለ ቤት ቢሰጡና ለሦስት ወር ቢያሠሩት፣ ያየውንም ሁሉ በደብተር ቢያስጽፉ መልካም ነው። የአዳማው ደብተር ለሻሸመኔው፣ የባቱውም ለመቂው ቢተላለፍ፣ ወጪው በአንድ መሣሪያ ዋጋ ተወስኖ ጥቅሙ ለሁሉ ይሆናል። ከዚያም የተገኘው ነገር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንዲት ወረቀት ተጽፎ ከመሣሪያው ጋር ለገዢው ይሰጥ፤ ሲዲ ይቀበል እንደ ሆነ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራ እንደ ሆነ፣ ዋስትናው ከማን እንደ ሆነ በግልጽ ይነገረው። የገዢ ድምፅም ከንቱ አይደለም፤ በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ ሊያስገድድ አስቦ፣ ገዢዎች ስለ ተቃወሙት ገና ሳይወጣ ትቶታል።

እንግዲህ አንድ ወጣት የዕቁብ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሱቅ ቢገባና «ጋሼ፣ አዲሱ መጥቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ደግ ነጋዴ ቶሎ ብሎ ካርቶኑን አያወርድም። «ልጄ፣ ቤትህ የት ነው? መብራቱ እንዴት ነው? ጨዋታውን በሲዲ ነው በኢንተርኔት የምታስገባው?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱን ሰምቶ ምናልባት ያለፈውን ዓይነት፣ በርካሽ የሚገኘውን፣ ሲዲ የሚቀበለውን ይሸጥለት ይሆናል። የዚያ ቀን ትርፉ ያነሰ ነው። ነገር ግን ወጣቱ በሚመጣው ዓመት ሁለተኛ ቴሌቪዥንና ሁለተኛ መሣሪያ ለመግዛት የሚመለሰው ወደዚሁ ሱቅ ነው።